በተራራ ደን ውስጥ የዛፍን ዕድገት ከግንዱ ቀለበት ማጥናት በሐረርጌ ደጋ ይቻላልን?

ጥያቄ፣ ከሐረር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለመመረቂያ ጽሑፌ ቅጠላቸውን የሚያረግፉ የተራራ ዛፎች በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚያድጉ ከግንዳቸው ቀለበት ስለሚታወቅበት ዘዴ እያነበብሁ ነው። በአውሮፓ ተራሮች ዛፉ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አርግፎ ስለሚያርፍ በዓመት አንድ ቀለበት ይሠራል። በእኛ አገር ግን ዛፉን የሚያሳርፈው ድርቅ ነው፤ ዝናቡም በበልግና በክረምት ሁለት ጊዜ ይመጣል። በጋራ ሙለታ ግርጌ ያገኘሁትን የዋንዛ ጉቶ ከመሃል ወደ ቅርፊቱ ስቆጥር በአንዱ ወገን 41፣ በሌላው ወገን 36 ቀለበት ሆነብኝ። የትኛውን ልቀበል? ወደ ቅርፊቱ የተጠጉት ቀለበቶች መጥበባቸውስ ዛፉ ዕድገቱን ቀንሷል ማለት ነውን?

መልስ፣ ከድሬዳዋ

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አይቀበሉ። የአንድ ጉቶ ቆጠራ ግምት እንጂ ዕድሜ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድሩ ዳግላስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስተማረን ዋናው ነገር፣ በአንድ አካባቢ የበቀሉ ብዙ ዛፎችን ጠባብና ሰፊ ቀለበቶች ጎን ለጎን አስተያይቶ ማዛመድን ነው። ክፉ ዓመት የሁሉንም ቀለበት ያጠባል፤ በአንዱ ዛፍ ላይ የጎደለ ወይም የተደረበ ቀለበት ካለም ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ይጋለጣል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ብዙዎችን ያሳስታል። ግንዱ በወፈረ መጠን ያው እንጨት በሰፋ ዙሪያ ላይ ስለሚለበጥ ቀለበቱ መጥበቡ የተለመደ ነው። ከመሃሉ እስከ ቀለበቱ ውጫዊ ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነበት ዓመት 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢጨምር በግንዱ ቁርጥ ገጽ ላይ የተጨመረው የቦታ ስፋት 12.4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ርቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጨምር እንኳ 18.8 ይሆናል። ቀለበቱ ጠበበ፣ ዛፉ ግን ይበልጥ አደገ። ስለዚህ ውፍረቱን ወደ ስፋት ሳይቀይሩ ስለ ዕድገት አይፍረዱ።

መልስ፣ የእንጨት ሠራተኛ፣ ከድሬዳዋ

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ነገር ግን ጥድ ስላግ ብዙ ዘመን አሳልፌአለሁ። ቀለበቶቹ በአንድ ወገን ተራርቀው ይሄዱና በሌላው ወገን ሁለቱ ሦስቱ ተጠጋግተው አንድ መስመር ይሆናሉ፤ የ41 እና የ36ቱ ልዩነት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። የተላገውን ገጽ በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ይመልከቱ። እውነተኛው የዓመት ድንበር በውጭ ወገኑ ቁርጥ ብሎ ያልቃል፤ ሐሰተኛው ግን በሁለቱም ወገን እየደበዘዘ ይጠፋል።

መልስ፣ ከሐረር

የእንጨት ሠራተኛው ያሉት ትክክል ነው። የሐበሻ ጥድ በሐሰተኛና በተዋሐዱ ቀለበቶቹ ይታወቃል፤ በልጉ ዘንቦ ድርቅ ጣልቃ ቢገባና ክረምቱ ቢከተል በአንድ ዓመት ሁለት መስመር ሊታይ ይችላል።

ለናሙና ሲወጡ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። በደረት ቁመት፣ ማለትም በ1.3 ሜትር ላይ፣ በእጅ በሚዞር፣ ውስጡ ክፍት በሆነ መሰርሰሪያ ከእርሳስ የቀጠነ ናሙና ይወጣል። በተዳፋት ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ ያዘነበለ ቅጠል አርጋፊ ዛፍ በላይኛው ወገኑ፣ ጥድ ደግሞ በታችኛው ወገኑ ሰፋ ያለ እንጨት ስለሚሠራ፣ ከእያንዳንዱ ዛፍ ሁለት ናሙና ከተዳፋቱ አግድም ይውሰዱ። ከዚያ በአሸዋ ወረቀት ከሻካራው ጀምረው እስከ ላመው ድረስ ይፈትጉት፤ ይህን ያቻኮለ ሰው በአጉሊ መነጽርም ቢሆን ጠባቦቹን ቀለበቶች አያያቸውም።

የአውሮፓውን ንባብዎንም አይጣሉት። በዚያ ቢች የሚባለው ያው ቅጠል አርጋፊ ዛፍ በቆላው ጫፍ በበጋ ድርቅ፣ በተራራው ላይኛ ጫፍ ደግሞ በብርድ ቀለበቱ ይጠብባል። ስለዚህ ናሙናዎን ከአንድ ከፍታ ብቻ አይሰብስቡ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሚመጣው ወር ፈቃድ ጠይቄ ከሦስት ከፍታዎች ናሙና አወጣለሁ፤ ዋንዛውንም ከጥዱ ለይቼ አስተያየዋለሁ። ከጉቶው ላይ የቆረጥሁትን ቁራጭ ዛሬ ማታ በእርጥብ ጨርቅ አብሼ እንደገና እቆጥረዋለሁ።