የእናቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ እድፉ አልለቅ አለኝ

እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። እናቴ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካደረገች 3 ዓመት ሆኗታል። ሻይ ነፍሷ ነው። አሁን የታችኞቹ የፊት ጥርሶች በምላስ በኩል ቡናማ ሆነዋል። በጥፍሬ ስነካው ይሻክራል፤ ልክ ማንቆርቆሪያ ሥር እንደሚጋገረው ነገር።

ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላውን ክኒን ሞከርን። መጀመሪያ ለ15 ደቂቃ፣ ኋላም ሌሊቱን ሙሉ ዘፈዘፍነው። አረፋው ሲንተከተክ ተአምር የሚሠራ ይመስላል! ጠዋት ሳወጣው ሮዙ ድድ ላይ የነበረው ስስ የሻይ እድፍ ለቋል፣ ሽታውም ጠፍቷል። ሸካራው ግን ንቅንቅ አላለም። በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና ብፈትገውም ያው ነው።

የጥርስ ሳሙና አላስነካሁትም፤ አክሪሊኩን (የተሠራበትን ፕላስቲክ) ይቧጭረዋል፣ የተቧጨረው ደግሞ ይብስ እድፍ ይይዛል። የፈላ ውሃም ያጣምመዋል። በረኪና ያሉኝ አሉ፤ የብረት መያዣ ስላለው ይበላዋል ብዬ ፈራሁ።

ይሄ እድፍ ሳይሆን ታርታር የሚሉት ጥርስ ላይ የሚደነድን ቆሻሻ ይሆን? ኮምጣጤ በውሃ በጥብጦ የዘፈዘፈ አለ? ስንት ለስንት፣ ለምን ያህል ሰዓት? ወይስ በቀጥታ ሐኪም ጋ ወስጄ በማሽን ላስጸዳው? እሷ እንደሆነች ለአንድ ቀንም ጥርሷን አትሰጥም። ያለ እሱ ሰው ፊት አትወጣም።