ከጅሬን ኮረብታ በላይ ያየነው የመብራት ሰልፍ ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ትናንት ማታ ጅማ ላይ ተደርድረው የሚሄዱ መብራቶች አየን። ድምፅ የላቸውም። ሰፈሩ «ከሌላ ዓለም የመጡ ናቸው» እያለ ነው፣ ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። የሚያውቅ አለ?

ቡናዬ፦ ስታርሊንክ ነው ባክህ፣ የኢንተርኔት ሳተላይት! የአሜሪካው የሮኬት ኩባንያ ስፔስኤክስ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳተላይቶቹን በጅምላ ያመጥቃል፤ መጀመሪያ ሰሞን ተከታትለው ነው የሚሄዱት፣ እኛ ጋ ሲጨልም እነሱ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ፀሐይ ገና ታገኛቸዋለች።

አባ ጥርጥር፦ እሺ፣ አሜሪካ ሮዝዌል ላይ የሌላ ዓለም መንኮራኩር ወደቀ የሚባለውስ? አሜሪካኖቹ ምን ደበቁ?

ቡናዬ፦ ፊኛ! በ1947 እ.ኤ.አ. የወደቀው የሶቪየትን የኒውክሌር ሙከራ ለመሰለል የተሠራ ፊኛ ነበር፣ የደበቁትም እሱን ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ፔንታጎንም በ2024 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ የሌላ ዓለም ቴክኖሎጂ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። «ይዋሻሉ» ካልክ ማስረጃ አምጣ። ጠያቂ፣ ስንት ሰዓት ነበር? በሳተላይት መከታተያ አፕ እናመሳክረው።

ጠያቂ፦ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ።