ሁለቱም ፎቶ አልተነካካም፤ ታዲያ ለምን አይመሳሰሉም?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አንድ ሰልፍ ሁለት ድረ ገጾች ያወጡትን ፎቶ ጎን ለጎን ስታዩት፣ በአንዱ መሬት አይታይም፣ ሰው በሰው ላይ ነው፤ በሌላው ግማሹ አደባባይ ባዶ። ሁለቱም አልተቀነባበሩም ይባላል። እንዴት ይሆናል? ቀኑንና ቦታውንስ በስልክ ብቻ ማጣራት ይቻላል? የፎቶው ዝርዝር መረጃ (ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የተነሳበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ) ሲከፈት ባዶ ነው።

ባለካሜራ፦
ይሆናል። ልዩነቱን የሚያመጣው ካሜራው የቆመበት ርቀት ነው። ሁለት ሰዎች 3 ሜትር ተራርቀው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ቆመዋል እንበል። ከፊተኛው 60 ሜትር ርቀህ ሩቁን በሚያቀርብ የ200 ሚሊሜትር ሌንስ ስታነሳ፣ የኋለኛው ከፊተኛው የሚያንሰው 5 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ የተጣበቁ ይመስላሉ። 3 ሜትር ላይ ቆመህ ሰፊ ቦታ በሚይዝ የ24 ሚሊሜትር ሌንስ ካነሳህ ግን የኋለኛው በግማሽ ያንሳል፤ ክፍተቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከፎቅ ላይ ቁልቁል ከሆነማ ምንም አይደበቅም። እ.ኤ.አ. በ2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ የዴንማርክ ፎቶ አንሺዎች ተመሳሳይ ቦታዎችን በሁለቱም መንገድ አንስተው ይህንኑ አሳይተዋል።

ሁለተኛው ነገር ቆረጣ ነው፤ ማለትም ከትዕይንቱ የትኛው ክፍል ብቻ እንደሚታይ መምረጥ። ኤፕሪል 9 ቀን 2003 ባግዳድ ፊርዶስ አደባባይ የሳዳም ሐውልት ሲወድቅ፣ በቅርብ የተቀረጸው ምስል በሕዝብ የተሞላ አደባባይ ያስመስላል። ሰፊው ፎቶ ላይ ግን አብዛኛው ቦታ ባዶ ነው። «ተቀነባብሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም።

አጣሪ፦
ዝርዝር መረጃው የጠፋው ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ፌስቡክ ፎቶውን ሲያሳንሱ ስለሚያራግፉት ነው። ላኪው በቴሌግራም እንደ ፋይል ቢልከው ይተርፋል፤ ያኔም የካሜራው ሰዓት የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ የስክሪኑን ጠርዝና የተለጠፈበትን ጽሑፍ ቆርጠህ አውጣ፣ ፍለጋውን የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከዚያ ፎቶውን ራሱን አስገብተህ በሚፈለግባቸው በጎግል ሌንስ፣ በያንዴክስና በቲንአይ ፈልግ። ቲንአይ ላይ ውጤቱን ከአሮጌው ጀምሮ ደርድር። የምታየው ቀን ፎቶው የተነሳበት ሳይሆን ድረ ገጹ ላይ የተገኘበት ነው። ከተባለው ክስተት የሚቀድም ከሆነ ግን ጉዳዩ አለቀ፣ መግለጫው ውሸት ነው። ምንም አለመገኘቱ ደግሞ ፎቶው አዲስ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ግራና ቀኙን ገልብጠህም ሞክር፤ አሳሳቾች ፍለጋውን ለማምለጥ ይገለብጡታል፣ የታርጋና የማስታወቂያ ፊደል ያሳብቅባቸዋል። ቪዲዮ ከሆነ ትዕይንቱ በተቀየረ ቁጥር አቁመህ ስክሪንሾት አንሳና እነዚያን ምስሎች ፈልግ።

ቦታውን ለማወቅ የተራራ ቅርጽ፣ የሕንፃ ጣሪያና የመንገድ መታጠፊያ ከሳተላይት ካርታ ጋር ታስተያያለህ። ለሰዓቱ ጥላ አለ፦ ጥላው የሰውየውን ቁመት ካከለ ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ናት፤ የፀሐይን አቅጣጫና ከፍታ በሚያሳየው ሰንካልክ ድረ ገጽ ላይ ቦታውንና ቀኑን ስታስገባ የሚገጥመው ሰዓት ይወጣል።

የሚዲያ ተማሪ፦
ማጣራቱ ጥሩ ነው፣ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ሚዲያው መርጦ ያሳየው ነገር ቀድሞ የሰውን ሐሳብ ይይዛል። የሚዲያ ተመራማሪዎቹ ማኮምብስና ሾው እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካዋ ቻፕል ሂል ከተማ ውስጥ ማንን እንደሚመርጡ ያልወሰኑ 100 መራጮችን ጠይቀው፣ ሚዲያው ደጋግሞ ያነሳውና መራጩ «ዋና ጉዳይ» ያለው እጅግ እንደሚቀራረብ አግኝተዋል። ምንም የማያረጋግጥ ፎቶ እንኳ ከአንድ አባባል ጎን ሲቀመጥ አባባሉን ይበልጥ ተአማኒ እንደሚያደርገው በሙከራ ታይቷል። ድሮ የተነሳ ፎቶ በአዲስ ዜና ላይ የሚጎዳውም በዚህ ነው፤ «ከማኅደር» የምትለዋ ቃል ከሥር ተጽፋ ስትቀር፣ ሰዎች ፎቶውን ብቻ ሲያጋሩት ቃሏ ትቀራለች። ምስሉ ላይ ራሱ መታተም አለባት።

ስታስተባብሉም ትክክለኛውን አስቀድማችሁ ጻፉ። አሳሳቹን ፎቶ እንዳለ አትለጥፉት፤ መሐሉን የሚያቋርጥ ትልቅ ምልክት አድርጉበት። ጥጉ ላይ ከሆነ ቆርጠው ይጥሉትና የእናንተው ልጥፍ አዲስ ምንጭ ይሆናል።

ባለካሜራ፦
አጣሪ፣ ስለ ጥላው አንድ ነገር ልጨምር። ልኩ የሚሠራው መሬቱ ሜዳ ሲሆን ነው። ቁልቁለት ላይ ጥላ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ወደ ካሜራው የወደቀ ጥላ ደግሞ ርዝመቱ በዓይን አይለካም። ወደ ጎን የወደቀ ጥላ ፈልጉ፣ የመብራት ምሰሶ ከሰው ይሻላል።