ለማኔጅመንት የምናስገባው ሀሳብ፦ ቡናው ይቅደም ለቅሶው?

ሰብሳቢ፦ ሰላም ጤና ይስጥልን። በየከተማው ሆነን በርቀት የምንሰራ ሰራተኞች እንዴት እንቀራረብ የሚለውን ሰኞ የምናስገባው አንድ ገጽ ስለሆነ እዚሁ እየተነጋገርን እንጨርሰው። እስካሁን የቀረበው አርብ አርብ ሁላችንም ዙም ላይ ገብተን እንጨዋወት የሚል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ኧረ ይቅርብን! ያለፈው አርብ ተረሳ እንዴ? ሁሉም ካሜራ ዘግቶ ሁለት ሰው ብቻ ሲያወራ ሌላው ማይኩን አጥፍቶ ስራውን ይሰራል፣ ጨዋታው ሞቅ ሊል ሲል ደግሞ ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ሞላ ብሎ አስወጣን። ቡና ቢሆን ገና አቦሉም አልተቀዳ።

ባህር ዳር፦ ካሜራውን እንኳን አትፍረዱብን፣ በቪዲዮ የሳምንት ጥቅሌ ሁለት ቀን አይቆይም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ያ ልጅ እናቱ ያረፉ ጊዜ እኛ የሰማነው በ12ኛው ቀን ነውኮ። በሦስተኛው ቀን እኔ ራሴ "ምነው ጠፋህ፣ ፋይሉን ላክ እንጂ" ብዬ ጻፍኩለት፣ እሱም ይቅርታ ብሎ ላከ። ቢሮ ብንሆን ጥቁር ለብሶ ሲገባ እናየው ነበር። መልእክቱ አሁንም አለ፣ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ መጀመሪያ የሚጻፈው ይሄ ነው።

ሐዋሳ፦ ዕድር እንበለው በቃ። ቴሌግራም ላይ ስራ የማይወራበት ግሩፕ ይከፈት፣ ሀዘኑም ሠርጉም እዛ ይነገር፣ መዋጮ በቴሌብር። አንድ ከተማ ያለን ደግሞ ሁላችሁንም ወክለን ለቅሶ እንደርሳለን፣ ትራንስፖርቱን መስሪያ ቤቱ ይቻል።

ገንዘብ ያዥ፦ አለቆችስ ይገባሉ?

ባህር ዳር፦ ይግቡ፣ እነሱም ለቅሶ አያጣቸውም። ብቻ ትዕዛዝ እዛ እንዳይጽፉ።

ዲሲ፦ ቡናውንም አትተዉት እንጂ፣ እኔ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው ድምጹን የማውቀው ሰው ግን ሦስት አይሞላም። ሁለት ሁለት ሰው በዕጣ ይጣመር፣ ስላክ የሚባለው የስራ መልእክት መለዋወጫ ላይ ዶነት የሚባል ይሄንኑ የሚሰራ አለ፣ ካልሆነም ኤክሴል ይበቃል። በድምጽ ብቻ፣ 30 ደቂቃ። ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ በናታችሁ "9 ሰዓት" ብላችሁ አትተዉት፣ ባለፈው በኔ ጠዋት 9 ብገባ ለካ እናንተ ጋ 10 ሆኖ ሁሉም ሄዷል።

ሐዋሳ፦ ሐሙስ 11 ሰዓት? ረቡዕና አርብ ጿሚ አለ። ለዲሲ ጠዋት 10 ነው፣ ጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 9።

ባህር ዳር፦ በረመዳንስ?

ሐዋሳ፦ ቡናው ስሙ ነው እህቴ፣ ወሬው አይጾምም 😄

ገንዘብ ያዥ፦ ከስራ ሰዓት ይቆጠርልን ግን፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የምታመጣ እናት ማታ ግቢ ብትባል አትገባም፣ ትክክልም ናት።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ "1ኛ የዕድር ግሩፕና ለለቅሶ የትራንስፖርት ወጪ፣ 2ኛ በየሳምንቱ ሐሙስ የ30 ደቂቃ የጥንድ ቡና፣ ከስራ ሰዓት የሚቆጠር።"

ባህር ዳር፦ ጋሼ፣ ሁለተኛው ላይ "በፈቃደኝነት" ይጨመርበት፣ የግዴታ ጨዋታ ደስ አይልም።

ሰብሳቢ፦ ተጨምሯል። ሐዋሳ፣ ትራንስፖርቱ ያለ ዋጋ አይታይልንም፣ የአውቶቡሱን ጠይቂና እስከ እሁድ ማታ ላኪልኝ።