የክር ማቅለሚያ እጣቢን ቀለም በእበት ማጥፋት፦ ቀዩ ለቀቀ፣ ጥቁሩ ተመለሰ፣ ሰማያዊው እምቢ አለ

ጥያቄ፦ ድርና ማግ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄው የጥጥ ክር ስለሚያቀልም አነስተኛ የሽመና ማኅበር ነው። በአንድ ዙር 20 ሊትር የማቅለሚያ ውሃ (በሊትር 60 ግራም የገበታ ጨውና 20 ግራም ሶዳ አሽ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ያለበት) እና 130 ሊትር ያህል የማለቅለቂያ እጣቢ ይወጣል። ቀለሞቹ ሪአክቲቭ (ከጥጡ ጋር በኬሚካል የሚተሳሰሩ) ናቸው፤ አዞ (azo) ከሚባለው የቀለም ወገን የሆነ ቀይ፣ ብላክ 5 የሚባል ጥቁር እና ብሉ 19 የሚባል ሰማያዊ። እያንዳንዱን ለየብቻ 200 ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ከእበት ጋር ቀላቅለን፣ በቀን ሁለቴ እያማሰልን አቆየነው። ቀዩ በሁለት ሳምንት ሳሳ። ጥቁሩ ከሳሳ በኋላ በገንዳ ሲቀመጥ መልሶ ጠቆረ። ሰማያዊው ንቅንቅ አላለም። ስህተቱ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ አባይ ማዶ

የመጀመሪያው ጥፋት ማማሰሉ ነው። አዞ ቀለም ቀለም የሚሆነው ሁለት ናይትሮጅኖች በድርብ ማሰሪያ ስለተያያዙ ነው። ባክቴሪያው ማሰሪያውን የሚበጥሰው 4 ኤሌክትሮን በመስጠት ነው፤ ያኔ ቀለሙ ለሁለት ተከፍሎ አሚን (ናይትሮጅን ያለው ሌላ ውሁድ) ይሆናል። ኤሌክትሮኑ የሚመጣው ባክቴሪያው ከሚበላው ስኳር ሲሆን፣ ኤንኤዲኤች (ሕዋስ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያመላልስ ሞለኪውል) ተሸክሞት ፍላቪን (ኤሌክትሮን የሚቀበል ረዳት ሞለኪውል) ላላቸው ኢንዛይሞች ያቀብላል። ኦክስጅን ካለ ግን ኤሌክትሮኑን ቀድሞ የሚወስደው እሱ ነው። ባማሰላችሁ ቁጥር አየር ትጨምራላችሁ፤ ቀለሙ ተራ አይደርሰውም።

ምግብስ ምን ያህል ይበቃል? ብላክ 5 ሁለት የአዞ ማሰሪያ አለው፤ ስለዚህ 8 ኤሌክትሮን ይፈልጋል። በሊትር 100 ሚሊግራም ቀለም ቢኖር፣ በስሌት በሊትር 6 ሚሊግራም ግሉኮስ ይበቃዋል። በተግባር ግን አብዛኛው ኤሌክትሮን ወደ ሜቴንና ወደ ባክቴሪያው ዕድገት ይሄዳል፤ በሊትር ከግማሽ እስከ 1 ግራም ስኳር ስጡት። ለ150 ሊትር ከ75 እስከ 150 ግራም መሆኑ ነው። ስኳር መግዛት አያስፈልግም፤ የጠላ ወይም የአረቄ አተላ 4 ሊትር ገደማ ይተካዋል፤ ይኼ ደግሞ ጎጃም ውስጥ አይጠፋም።

መልስ፦ ዳሞት

አባይ ማዶ ያለው ልክ ነው። ናይትሮጅን ቢያንስ ብላችሁ ትንሽ የናይትሬት ማዳበሪያም ጣል አድርጉበት፤ ባክቴሪያው ቶሎ ይራባል።

መልስ፦ የቄራው ሰው

ዳሞት፣ ይቅርታ፣ ናይትሬት አይሆንም። ከኦክስጅን ቀጥሎ ኤሌክትሮን የሚሻማው እሱ ነው፤ ናይትሬቱ እስኪያልቅ ቀለሙ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በእበት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ይበቃል።

አሁን ወደ በርሜሉ። ከእበት ይልቅ ከቄራ የሚገኝ ትኩስ ፈርስ ይሻላል፤ የከብት ጨጓራ ውስጥ አየር ስለሌለ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሥራውን የለመዱ ናቸው። 20 ሊትር ፈርስ በጆንያ አጥልላችሁ ወዲያው በርሜል ውስጥ ክተቱ። ፈርስ ካጣችሁ 15 ኪሎ ትኩስ እበት በ30 ሊትር ውሃ በጥብጡና አፍናችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን አቆዩት። ኩበት አይሠራም፤ ደርቋል።

የማቅለሚያውን ውሃ ለብቻው አትጨምሩ። በሊትር 60 ግራም ጨው ባክቴሪያውን ያደርቀዋል። 20ውን ሊትር ከ130ው እጣቢ ጋር ስትቀላቅሉት በሊትር 8 ግራም ላይ ይወርዳል፤ ያንን ይችለዋል። ሶዳው ደግሞ ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) ከ7 በላይ በጣም ስለሚያወጣው በአሲድ ማብረድ ግድ ነው። 400 ግራም ሶዳ አሽ አለ፤ 5 ሊትር ያህል ባለ 5 በመቶ ኮምጣጤ ፒኤቹን 8 አካባቢ ያደርሰዋል፤ ቀሪውን አተላው ሲኮመጥጥ ያወርደዋል። ኮምጣጤውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ይፈላል፤ ፍላቱ ሳይበርድ ክዳን አትግጠሙ። ፒኤቹ ከ6.5 እስከ 8 ይሁን።

ከዚያ ክዳኑን አጥብቃችሁ ግጠሙ፣ ከክዳኑ ቀጭን ጎማ አውጡና ጫፉን ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት፦ ጋዝ ይወጣል፣ አየር አይገባም። ሜቴን ስላለበት እሳትና ሲጋራ ይራቅ። ደብረ ማርቆስ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በ30 ዲግሪ በሁለት ሦስት ቀን የሚያልቀው በ15 ዲግሪ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በርሜሉን በጭድ ጠቅልሉት ወይም ወገቡ ድረስ በሚብላላ ፍግ ውስጥ ቅበሩት። ሲያልቅ ከታች 30 ሊትር ዝቃጭ ለሚቀጥለው ዙር አስቀሩ፤ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ይፈጥናል።

መልስ፦ ፋርማሲ ጥግ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፤ የሚገናኝ ስለሆነ ነው። ይኸው ሥራ በሰው አንጀትም አለ። ሰልፋሳላዚን የሚባለው የአንጀት ቁስለት መድኃኒት ራሱ አዞ ነው፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያ ለሁለት ይበጥሰውና የሚያክመው ክፍል ያኔ ይለቀቃል። በ1935 የወጣው ፕሮንቶሲልም ቀይ ቀለም ነበር፤ በብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያ አይገድልም፣ ሰውነት ሰብሮ ሰልፋኒላማይድ ሲያደርገው ግን ይገድላል። ለጃርዲያ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ደግሞ መርዝ የሚሆነው አየር በሌለበት የሚኖር ተዋሲ በናይትሮ ቡድኑ (ናይትሮጅንና ኦክስጅን ባለበት የሞለኪውሉ ክፍል) ላይ ኤሌክትሮን ሲሰጠው ነው። ኦክስጅን ባለበት ያ ኤሌክትሮን ይነጠቃል፤ መድኃኒቱም እንደነበረ ይመለሳል። የእናንተ የተማሰለ በርሜል ማለት ነው።

ከዚህ የሚወሰድ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መሰበር ሁልጊዜ መንጻት አይደለም። ከቤንዚዲን የሚሠሩ አሮጌ ዳይሬክት (ጥጥን በቀጥታ የሚይዙ) ቀለሞች ሲሰበሩ ቤንዚዲንን መልሰው ይሰጣሉ፤ እሱ የሽንት ፊኛ ካንሰር የሚያመጣ ነው። ከረጢቱ ላይ ስም የሌለው ርካሽ ቀለም በርሜል ውስጥ አይግባ፤ እንዲያውም ባይገዛ።

ጠያቂው፦ ድርና ማግ

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የጥቁሩ መመለስና የሰማያዊው እምቢታ ምንድነው? ደግሞ ሶዳውን ያበረድነው በባትሪ አሲድ ነበር፤ በርሜሉ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

መልስ፦ አባይ ማዶ

ሽታው ከአሲዱ ነው። የባትሪ አሲድ ሰልፌት ይተዋል፤ ባክቴሪያ ሰልፌቱን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያደርገዋል። ሰልፋይዱ ራሱ አዞን ይሰብራል፣ ስለዚህ «ጥሩ ሠራ» ሊያስብል ይችላል፤ ግን የሚገድል ጋዝ ነው። በዝግ ቤት አትክፈቱት፣ አንገታችሁንም በርሜል ውስጥ አታስገቡ። ሽታው ጠፋ ማለትም ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። በገበታ ጨው ፈንታ የግላውበር ጨው ብትጠቀሙም ያው ነው፣ እሱም ሰልፌት ነው።

ብላክ 5 ሲሰበር ከሚወጡት አሚኖች አንዱ አየር ሲነካው በራሱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይጠቁራል። የተመለሰው የድሮው ቀለም አይደለም፣ አዲስ ነው። ስለዚህ ከበርሜሉ የወጣውን ዝም ብሎ ገንዳ ውስጥ ማቆም ሳይሆን፣ ሕይወት ያለው ዝቃጭ ባለበት ገንዳ ውስጥ በዓሣ ማርቢያ ፓምፕ ቢያንስ ሁለት ቀን አየር መስጠት ነው። እዚህ ላይ አየር ወዳጅ ነው፤ አሚኑን የሚበሉት አየር የሚተነፍሱት ናቸው። የሰልፎኔት ቡድን (ድኝና ኦክስጅን ያለበት ክፍል) የተሸከሙ አሚኖች ግን ግትር ናቸው፤ የተወሰነ ጥቁረት ሊቀር ይችላል።

ብሉ 19 አዞ አይደለም፣ አንትራኩዊኖን የሚባል ሌላ የቀለም ወገን ነው፤ የሚበጠስ የአዞ ማሰሪያ የለውም። እሱን ለብቻ ለዩት። የሚሻለው ኦይስተር እንጉዳይ ከተለቀመ በኋላ የሚቀረው ጭድ ነው፤ እንጉዳዩ ላኬዝ የሚባል ኢንዛይም ያወጣል፣ እሱ ደግሞ በተቃራኒው በኦክስጅን ነው የሚሠራው። ፒኤች 5 አካባቢ፣ ክፍት ዕቃ፣ ጨው በጣም ያነሰበት እጣቢ። ሌላ ሰማያዊ፣ ኢንዲጎ፣ ብትይዙ ደግሞ በርሜሉ ውስጥ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ይዞርና አየር ሲያገኝ መልሶ ሰማያዊ ይሆናል፤ አልተሰበረምና አትታለሉ።

መልስ፦ የቄራው ሰው

አንድ ቀላል ፈተና ሳልጨምር አልሄድም። ሦስት የአንድ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ እስከ አፉ ሙሉ፦ አንዱ እጣቢና ፈርስ፣ አንዱ እጣቢና ግማሽ ሰዓት ፈልቶ የቀዘቀዘ ፈርስ፣ አንዱ እጣቢ ብቻ። በሦስተኛው ቀን እዩት። የፈላውም እኩል ከነጣ፣ ቀለሙ ከፈርሱ ጋር ተጣብቆ ወርዷል እንጂ አልተሰበረም፤ ዝቃጩን እዩት፣ ቀልሟል። ከሦስተኛው ቀን አታሳልፉት፤ መፍላት የማይገድላቸው የባክቴሪያ ስፖሮች (እንደ ዘር ተኝተው የሚቆዩ) ይነቁና ውጤቱን ያምታቱታል።

የመጨረሻውን ውሃ ደግሞ በስንዴ ዘር ሞክሩት። 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ፣ አንዱን በእጣቢው፣ አንዱን በንጹሕ ውሃ፣ አንዱን በሊትር 8 ግራም ጨው ባለበት ውሃ፤ አምስት ቀን። ከጨዉ ውሃ ያነሰ ከበቀለ አሚኑ አላለቀ ይሆናል፣ ወደ አየር ገንዳው መልሱት። ከጨዉ ጋር እኩል ቢበቅልም ለጎመን ማጠጫ አይሁን፤ ጨዉን የሚበላው ባክቴሪያ የለም።