ሰርጂካል ማስክ በጉንጭ በኩል ሲከፈት ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ተመላላሽ ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። የሚደርሰን ባለ ሦስት ንጣፍ፣ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ሰርጂካል ማስክ ነው። ፊታቸው ቀጠን ያለ ባልደረቦች ላይ በሁለቱም ጉንጭ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል፤ መነጽር የሚያደርጉትን ደግሞ ጉሙ ሥራ አስፈትቷቸዋል። ብዙዎቻችን ላስቲኩን እንደ 8 ቁጥር አጣምመን ጆሮ ላይ እናደርጋለን። ይህ ያጠብቀዋል ወይስ ያብሰዋል? ሁለት መደረብስ?

መልስ፦ ከኢንፌክሽን መከላከል

ሲስተር፣ ማጣመሙ ይቅር። ማስኩ ጠበቅ ያለ ይመስላል እንጂ ጎኑ ታጥፎ እንደ ቱቦ አፍ ይከፈታል።

ችግሩ ከጨርቁ አይደለም። በአሜሪካው የኤኤስቲኤም መስፈርት ደረጃ 1 ማስክ ቢያንስ 95 በመቶ፣ ደረጃ 2 እና 3 ደግሞ ቢያንስ 98 በመቶ ባክቴሪያ ማጣራት አለበት። ግን የሚለካው ጨርቁ ዙሪያውን ተጣብቆ ነው፤ የሰው ፊት ላይ አይደለም። አየር የሚቀናውን መንገድ ይመርጣል፤ ጉንጭ ላይ ቀዳዳ ካገኘ በማጣሪያው ለማለፍ አይታገልም። ሁለት ሰርጂካል መደረብ የማይረዳውም ለዚህ ነው፤ ንጣፉ ሲወፍር ትንፋሹ ይበልጡን በጎን ይሸሻል።

ጎኑን የሚዘጋው ቋጠሮ ነው፤ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ)ም በ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ይህንኑ መክሯል። ማስኩን የላይና የታች ጠርዙ እንዲገጥም በቁመቱ እኩል እጠፉት። እያንዳንዱን የጆሮ ላስቲክ ከማስኩ ማዕዘን ሥር ቋጥሩት። ቋጠሮው አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ከራቀ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ በጣት ጫፍ እየገፉ ማስጠጋት ነው። ስትዘረጉት ከቋጠሮው አጠገብ ትንሽ ኪስ ይፈጠራል። እሷን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ጠፍጣፋ አድርጓት፤ ብዙ ሰው የሚረሳት እሷን ነው፣ ከተረሳች ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ትሆናለች። ይህ ሁሉ በንጹሕ እጅ፣ ማስኩ ፊት ላይ ከመውጣቱ በፊት ይለቅ።

መልስ፦ ከኦፕራሲዮን ክፍል

ከተገኘ በገመድ የሚታሰረውን ምረጡ። የላይኛው ገመድ ከጆሮ በላይ አልፎ አናት ላይ፣ የታችኛው ማጅራት ላይ ይታሰር። ገመዶቹን እንደ መስቀል ማስተላለፍ አይገባም፤ ከተላለፉ ጎኑ ይሸበሸብና ይከፈታል።

የአፍንጫውን ሽቦ በሁለት ጣት ቆንጥጦ መተው ትልቅ ስሕተት ነው፤ መሃሉ ላይ ሹል ይሆንና በግራና በቀኝ ቦይ ይቀራል። በሁለቱም እጅ አመልካች ጣት ከመሃል ጀምሮ ወደ ጉንጭ እየተጫኑ ማስተኛት ነው። ጉሙ ካልተወ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል የወረቀት ፕላስተር፣ ግማሹ ማስኩ ላይ ግማሹ ቆዳ ላይ እንዲያርፍ በላይኛው ጠርዝ ለጥፉ። ቅባት ወይም ቫዝሊን የነካው ቆዳ አይዝም። ላዩ ብቻ ተዘግቶ ጎኑ ክፍት ከሆነ ትንፋሹ በዚያ ስለሚወጣ፣ መጀመሪያ ቋጠሮው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊታቸው ሰፋ ያለስ? ሲቋጠር አገጫቸው ይወጣል።

መልስ፦ ከኢንፌክሽን መከላከል

ልክ ነው፤ ቋጠሮ ማስኩን ያሳጥራል። ለእነሱ ሳትቋጥሩ ሦስት ሰፋ ያሉ የላስቲክ ቀለበቶች እንደ ሰንሰለት ጎን ለጎን አያይዙ። የመሃሉ ማስኩ ላይ ሆኖ የአፍንጫን ድልድይ፣ ጉንጭንና የአገጭን ሥር ይከብባል፤ የዳርና የዳሩ ጆሮ ላይ ይገባሉ። ቀጭን ላስቲክ ቆዳ ይቆርጣል፣ ላቴክስ የማይስማማው ሰውም አይጠቀም።

ከዚያ ፈትሹ፦ እጃችሁን በጠርዙ ዙሪያ ሳታስነኩ አስጠጉና በኃይል ተንፍሱ። ዓይን ሥር ወይም ጉንጭ ላይ ነፋስ ከተሰማ ገና ነው። በደንብ የገጠመ ማስክ አየር ስትስቡ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጺም ካለ ግን በደንብ መግጠሙ ይቸግራል።

አንድ ነገር አደራ፤ ይህ ሁሉ ለተመላላሽ ክፍል ነው። የሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረ ሕመምተኛ ጋ ወይም አክታ በሚወሰድበት ክፍል የተቋጠረ ሰርጂካል ኤን-95ን፣ ማለትም ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጥመውን የማጣሪያ ማስክ፣ አይተካም። በመሣሪያ በሚደረገው የፊት ልክ ፈተና ኤን-95 ቢያንስ 100 ማምጣት አለበት፤ ማለትም የውጭው አየር ቅንጣት ከውስጡ መቶ እጥፍ ይሆናል። እዚያ ሰርጂካሉን ለሕመምተኛው አድርጉለት፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ እናንተ ኤን-95 ልበሱ።