ኢኮኖሚክስ ለሚያጠና ተማሪ ነገረ መለኮት ግዴታ ይሁን?

ጠያቂዋ፦ ብዙ የካቶሊክ ሊበራል አርትስ (ከሙያው ባሻገር ሰፊ አጠቃላይ ትምህርት የሚሰጡ) ኮሌጆች ኢኮኖሚክስ ለሚያጠናም ተማሪ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ግዴታ ያደርጋሉ። ተገቢ ነው ወይስ ጊዜ መሻማት? ምክንያታችሁን ንገሩኝ።

ቁጥር ይቅደም፦ እቃወማለሁ። ዛሬ ኢኮኖሚክስ ያለ ሒሳብ አይሆንም። ፒኤችዲ ለሚያስብ ተማሪ ካልኩለስ ብቻ አይበቃም። ሊኒየር አልጀብራ ይጠበቅበታል፤ ሪል አናሊሲስ (የካልኩለስን መሠረት በጥብቅ ማረጋገጫ የሚያስተምር የሒሳብ ኮርስ) ቢጨምርማ ይመረጣል። የቀረችውን ቦታ ነገረ መለኮት ከወሰዳት ልጁ በምን ይወዳደራል? ሥነ ምግባር የፈለገ በራሱ ጊዜ ያንብብ።

የቀድሞ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ የሒሳቡ ነገር እውነት ነው። ግን ሥነ ምግባርን እንደ ባዕድ አትየው። የኢኮኖሚክስ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ በስኮትላንድ ግላስጎው ላይ ያስተምር የነበረው የሞራል ፍልስፍና ነው። ከእሱ በፊትም የስፔኗ ሳላማንካ ሊቅ ማርቲን ደ አዝፒልኩዌታ እ.ኤ.አ. በ1556 ከአሜሪካ የሚገባው ወርቅና ብር በስፔን ዋጋ እንዳናረ ጽፏል። ሰውየው የነገረ መለኮትና የቀኖና (የቤተ ክርስቲያን) ሕግ አዋቂ ነበር። ወደዚህ ያደረሰው የምንዛሬ ንግድ አራጣ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ትምህርቱን በሌላ ዓይን አየሁት።

ቁጥር ይቅደም፦ ታሪኩ ደስ ይላል፤ ሪግሬሽን (በዳታ ላይ የሚሠራ የስታቲስቲክስ ስሌት) ግን አያሠራም። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐዊ ደመወዝ ትላለች። ደመወዙ ሲጨምር ስንት ሰው ሥራ ያጣል? ይህን የሚመልሰው ዳታ ነው እንጂ ስብከት አይደለም።

መምህሩ፦ ደመወዝን ማንሳትህ ጥሩ ሆነ፤ እዚያው እንቆይ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ጉዳይ ባወጡት ሬሩም ኖቫሩም በተባለ መልእክት፣ ቆጥቦ ለሚኖር ሠራተኛ እንኳ የማይበቃ ደመወዝ ግፍ ነው አሉ፤ ሠራተኛው ቸግሮት ቢስማማም። እዚያው ላይ ለግል ንብረት ተከራክረዋል፤ ስለዚህ ሶሻሊዝም ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

አሁን ወደ ዳታው ና። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካዋ ግዛት ኒው ጀርሲ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር አሳደገች። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የግዛቷን የፈጣን ምግብ ቤቶች ከጎረቤት ፔንሲልቬንያ ጋር አነጻጸሩ። ሥራ ቀነሰ የሚል ማስረጃ አላገኙም። ሌሎች ኢኮኖሚስቶች፣ ዴቪድ ኒውማርክና ዊልያም ዋሸር፣ ደግሞ የደመወዝ መዝገብ አገላብጠው ቀንሷል አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ሊዮ ስንት ሥራ እንደሚጠፋ አይነግሩህም። ካርድም ጥቂቶች ሥራ አጥተው የብዙዎች ደመወዝ ቢያድግ ይሻላል ወይ የሚለውን አይወስንልህም። ፖሊሲ የሚያወጣ ሰው ግን ሁለቱንም መመለስ አለበት። አንዱን ብቻ የተማረ፣ ሌላውን ሳያውቀው በግምት ነው የሚመልሰው።

ጠያቂዋ፦ ታዲያ ሪል አናሊሲሱ የት ይግባ?

መምህሩ፦ ግዴታው ከሁለት ኮርስ አይብለጥ። አንዱ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕዳና ስለ ድህነት ይሁን፤ የነገረ መለኮትና የኢኮኖሚክስ መምህራን አብረው ያስተምሩት። ኮሌጁ ሪል አናሊሲስ ከሌለው ደግሞ ተማሪው ሌላ ተቋም ሄዶ ወስዶት እንዲያዝለት ይፍቀድ።

ቁጥር ይቅደም፦ ሁለት ከሆነ እቀበላለሁ፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለኝ። የጳጳሳቱን ሐሳብ በማስረጃ የሞገተ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ማግኘት አለበት። ካልሆነ ትምህርት አይባልም።

የቀድሞ ተማሪ፦ በዚህ አልከራከርህም። የኮርሱ መግለጫ ላይ በግልጽ ይጻፍ።